«ማንም አልመለሰልኝም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በፈቃድ ለትርፍ ጊዜ የሚሠራበት የመገናኛ ሬዲዮ፣ ፈተናውን ከ35 ጥያቄ 31 መልሼ አለፍኩ፤ የእጅ ሬዲዮም ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብጣራ የሚመልስልኝ ጠፋ። በአነጋገሬ ንቀውኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭራሽ አልሰሙህም ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወር ከግድግዳ ጋር አውርቻለሁ! ሪፒተሩ፣ ማለትም ድምፅህን ተቀብሎ አጉልቶ የሚረጨው ጣቢያ፣ ብዙ ጊዜ ዘበኛ አለው፤ ከንግግርህ ሥር የሚላክ፣ ጆሮ የማይለየው «ቶን»። ሬዲዮህ ላይ እሱን ካልሞላህ አይከፍትልህም። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነህ መለያህን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር የተሰጠህን የፊደልና የቁጥር ስም፣ ተናገርና ልቀቀው፤ ለአፍታ «ሽሽ» ካለ ተከፍቷል። እዚያ ላይ «ሲኪው»፣ ማለትም «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ»፣ እያልክ አትጩህ፤ መለያህን ጠርተህ «እየሰማሁ ነው» ካልክ ይበቃል።

እኔን ያዳነኝ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ነው፤ ሬዲዮውን ከእጄ ወስዶ ሦስት ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና መለሰልኝ። እንዲህ ያለውን ሰው አሜሪካኖቹ «ኤልመር» ይሉታል። የአንተን ለማግኘት በጁን አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ በ«ፊልድ ዴይ»፣ ክለቦች አንቴና ወደሚተክሉበት መናፈሻ ሂድ። ብዙዎቹ ለጀማሪ የተለየ ጣቢያ አላቸው፤ ወንበር ስበው ማይክ ያስጨብጡሃል። ቡና በፔርሙስ ይዘህ ከሄድክማ፣ አይለቁህም።

73፣ በእኛ በሬዲዮ ሰዎች ቋንቋ «ሰላምታዬ ይድረስህ» ማለት ነው።