ሐረጎ ላይ የሚያዞረው ማግኔቱ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ባለቤትህ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በኤሌክትሪክ መኪናችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ራሷን ያዞራታል። ጎረቤት ደግሞ «ከመቀመጫው ሥር ያለው ባትሪ ማግኔት ይረጫል» ብሎ አስፈራርቷችኋል። አብሽር፣ እኔም ቤት ይሄው ነገር ደርሷል።

መኪናውን የገዛሁ ሰሞን እናቴን ይዤ ሐረጎን ስወርድ፣ ግማሽ ሳንደርስ «አቁምልኝ» አለች። ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ጠረገች። ታናሽ ወንድሜ ወዲያው ስልኩ ላይ የማግኔት መለኪያ አፕ ከፈተ። 52 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው)! «ይኸው!» አለ። ስልኩን ተቀብዬ ከመኪናው ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅሁና ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምኩ። 36 አለ። እዚያ ምን ባትሪ አለ? የመሬት የራሷ ማግኔት ነው፣ ኮምፓስ የሚያዞረው። ትርፉ የመኪናው ብረት ነው። የቤንዚን መኪና ውስጥም ብትለካ ቁጥሩ ይዘላል።

ሰው የሚነጋገርበት ሌላኛው፣ ተለዋዋጩ ማግኔት ነው። ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ወደ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ) ቀይሮ ለሞተሩ ሲልክ የሚፈጠረው ማለት ነው። ያንን የስልክ አፕ በደንብ አይለካውም። ለ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው እንደ ቤት መብራት ላለው፣ ዓለም አቀፉ የሕዝብ ወሰን 200 ማይክሮቴስላ ነው። ጀርመን ውስጥ የልብ መሣሪያ የተተከለላቸው 108 ሰዎችን ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፈትነው በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። መኪናው ውስጥ የተለካው ከ4 በታች ነው፤ የማንም መሣሪያ አልተረበሸም። ከፍተኛው የተገኘው ቻርጅ ሲደረግ ኬብሉ አጠገብ ነው፣ 116 ገደማ። ስለዚህ ኬብሉን ሰክታችሁ ዘወር በሉ፣ በቃ።

አንድ ነገር አልደብቅህም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ማግኔት «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ አስቀምጦታል። መነሻው ግን የሕፃናት የደም ካንሰርና የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ነበር፣ መኪና አልነበረም።

እናቴን ያዞራት የኔ እግር ነው! ነዳጁን (ልማድ ሆኖብኝ ነዳጅ እላለሁ) ድንገት ስለቀው ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ጭብጥ ያደርገዋል። በየኩርባው ሰው ወደ ፊት ይንገጫገጫል። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ጭንቅላት ቀድሞ አይዘጋጅም። በዚያ ላይ ደሴ ቻርጁን ሙሉ አድርገህ ከወጣህ ባትሪው መቀበያ ስለሌለው መያዙ ይላላል፤ አንድ ቀን ይይዛል፣ ሌላ ቀን ይለቃል። እኔ ማርሹን ከቢ (እግር ሲነሣ በኃይል ከሚይዘው) ወደ ዲ (ወደ ተራው) መለስኩት፣ እግሬንም ቀስ እያልኩ መልቀቅ ለመድኩ። በሚቀጥለው ጉዞ እማዬ ቆሎዋን እየቆረጠመች ኮምቦልቻ ገባች።

ባለቤትህን ከፊት አስቀምጣት፣ መንገዱን ትይ፣ ስልክ አትነካካ። ቤት ቁጭ ብላም የሚያዞራት ከሆነ ግን የመኪናውን ነገር ተወውና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ ግፊቷንና ደሟን ይዩላት።