«ዶን» ስንት ሰዓት ላይ ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከእንግሊዝኛ ጥያቄዎቻችሁ መካከል አንድ ቃል ደጋግሞ መጣ፦ ንጋትን የሚያመለክተው «ዶን»። የዛሬው አምድ ለእሱ ብቻ ይሁን። ሰላምታውንና ምርቃቱን ለራሴ አስቀርቼ ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሰፈሬ ያለው ፓርክ በር ላይ «ከዶን እስከ ደስክ ክፍት ነው» ይላል። ደስክ ሲመሽ መሆኑን አውቃለሁ። ሥራ ከመግባቴ በፊት መሮጥ እፈልጋለሁ። ዶን ማለት ፀሐይ ስትወጣ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ «ሰንራይዝ» ይባላል። ዶን ከዚያ ይቀድማል። ፀሐይዋ ራሷ ሳትታይ ብርሃኗ ብቻ ሰማዩን ወገግ ሲያደርገው ነው። እኛ ጎህ ሲቀድ የምንለው ማለት ነው።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ደግሞ ለሦስት ይከፍሉታል። ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይሆናል። ያኔ ተራ ሰው ገና ሌሊት ነው ይላል፤ ደብዛዛ ከዋክብት ግን መጥፋት ይጀምራሉ። 12 ዲግሪ ላይ ስትደርስ መርከበኛ ባሕሩና ሰማዩ የሚጋጠሙበትን መስመር ይለያል። 6 ዲግሪ ላይ ስትደርስ «ሲቪል ዶን» ይባላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ያለ መብራት መንገድህን ታያለህ። ለሯጭ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው።

ከፀሐይ መውጫ በስንት ደቂቃ ይቀድማል ካልክ፣ እንደ አገሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ሲነጋ ባንዴ ነው። አንተ ያለህበት ግን ግማሽ ሰዓት ግድም ይወስዳል። ስቶክሆልም ውስጥ በሰኔ ወር ሌሊቱ ጨርሶ ሳይጨልም ያልፋል። እዚያ «በዶን እንገናኝ» የሚል ሰው ወይ ቀልደኛ ነው ወይ እንቅልፍ የለውም።

ስለዚህ ስልክህ ላይ የፀሐይ መውጫውን እይና ግማሽ ሰዓት ቀንስ። ከዚያ በፊት ግን ምልክቱን እስከ ታች አንብበው። ሰዓቱን በቁጥር የሚጽፉ ፓርኮች አሉ፤ ቁጥር ካለ የሚሠራው ቁጥሩ ነው። ዕቃ መደብር ስትሄድ ደግሞ «ደስክ ቱ ዶን» የሚል አምፖል ብታይ አትደናገር። ብርሃን የሚለይ ሴንሰር ስላለው ሲመሽ ራሱ ይበራል፣ ሲነጋ ራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ «ዳውን» ነው ወይስ «ዶን»? አስተማሪያችን ዳውን ይሉ ነበር።

መልስ፦ ዳውን «ታች» ነው። ተሰልፈን ቆይተን «ሲስተሙ ዳውን ነው» የሚሉን እሱን ነው። የንጋቱ «ዶ» ላይ ሳብ ይላል። በብዙ የምዕራብ አሜሪካና የካናዳ ሰዎች አፍ «ዶን» ከሚባለው የወንድ ስም ጋር አይለይም። አትጨነቂ፣ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ ኢሜይል ስጽፍ «ተረዳሁ» ለማለት «አይ ዶንድ» አልኩ። ሳቀብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሰው አይነጋም፣ እህቴ። በእንግሊዝኛው የሚነጋው ሐሳቡ ነው፤ የሚነጋውም ባንቺ ላይ ነው። ስለዚህ «ኢት ዶንድ ኦን ሚ» ይባላል። የኛን «ተገለጠልኝ» አስቢው። የተገለጠው ነገሩ ነው፣ «ልኝ» ያልሽው አንቺ ነሽ። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ራስሽን ባለቤት አድርገሽ መጻፍ ከፈለግሽ «አይ ሪያላይዝድ» በይና ተገላገይ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን «ብልጭ አለልኝ» ለማለት እንጠቀምበታለን። እኔ ግን ቀስ እያለ ለሚገባ ነገር ይሻላል ባይ ነኝ። ዓይንሽ እያየ ልብሽ ዘግይቶ ሲደርስበት፣ ለምሳሌ ጓደኛሽ ሰበብ እያበዛ ቆይቶ ብድሩን የመመለስ ሐሳብ እንደሌለው ሲገባሽ፣ ያኔ ልኩ እሱ ነው። ቃሉ ከመነሻው ግሥ ነበር፤ «ዴይ» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፣ ቀን መሆን ማለት። ስም ሆኖ የመጣው ዘግይቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሪያድ ነው። ስለ አንድ የሰላም ድርድር በወጣ የእንግሊዝኛ ዜና ላይ «ፎልስ ዶን» የሚል አነበብኩ። በዲናችን «ፈጅር ካዚብ» የምንለው ነው?

መልስ፦ ስሙ አንድ ነው፣ ሐሰተኛ ጎህ። አጠቃቀሙ ግን ይለያያል። አንተ የምታውቀው ሰማይ ላይ የሚታይ ነው። እውነተኛው ጎህ ከመቅደዱ በፊት በምሥራቅ በኩል ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሐመር ብርሃን አለ። ዓረቦች በተኩላ ጭራ መስለውታል። ብርሃኑ የሚመጣው በፕላኔቶቹ ምህዋር አካባቢ ከተበተነ ደቃቅ አቧራ ነው፤ አቧራው የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። እውነተኛው፣ «ፈጅር ሷዲቅ» የምትሉት፣ በአድማሱ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይመጣል። ጾሙ የሚያዘውና የሱብሂ ሰላት ወቅት የሚገባው በዚህ ነው፤ በሐሰተኛው ጎህ ሱሑር መብላት አይከለከልም። ልዩነቱን በዓይንህ ማየት ካማረህ ከሪያድ መብራት ራቅ ብለህ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በረሃ ውጣ። መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ጊዜ ናቸው።

ጋዜጠኞቹ የሚሉት ደግሞ ተስፋ አሳይቶ መና የቀረን ነገር ነው። ተፈራርመው፣ ተጨባብጠው፣ በሳምንቱ ጦርነቱ ከቀጠለ ያ ስምምነት «ፎልስ ዶን» ነበር። ኢኮኖሚው ያገገመ መስሎ ተመልሶ ሲወድቅም እንዲሁ ይላሉ። ዜናው ላይ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ፤ ቃሉ የሚነገረው ነገሩ ከከሸፈ በኋላ ነው። ገና በድርድሩ መሐል የሚጠቀምበት ጸሐፊ ትንቢት እየተናገረ ነው።

ጥያቄ፦ «ዶን ሬይድ» ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረት በኩባንያ ላይ አደረገ ይላሉ።

መልስ፦ ሳይነገር የሚደረግ ድንገተኛ ፍተሻ ነው። ኩባንያዎች ተመሳጥረው ዋጋ ወስነዋል ተብለው ሲጠረጠሩ የውድድር ሕግ መርማሪዎች ቢሯቸው ይደርሳሉ። ስሙ ንጋት ይበል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት በሥራ መግቢያ ሰዓት ነው። በለንደን የአክሲዮን ገበያ ደግሞ ገበያው እንደተከፈተ የአንድን ኩባንያ አክሲዮን በገፍ መግዛት ማለት ነው።

ቃል በቃል የሆነበትም ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኒውዚላንድ ፖሊስ ቪዛቸው ያለፈባቸውን የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ለመያዝ ገና ሳይነጋ ቤታቸው ይገባ ነበር። በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት። ማታ ሳትበላ ተኝታ ጠዋት ስትለካ ስኳሯ ከፍ ይላል። ነርሷ «ዶን ፌኖመነን» አለችን።

መልስ፦ ወደ ንጋት ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልንና የዕድገት ሆርሞንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ጉበትም ስኳር ወደ ደም ይረጫል። ስኳር የሌለበት ሰው ኢንሱሊኑ ያስተካክልለታል፤ እናትሽ ላይ ግን ከፍ ብሎ ይቀራል። ተደብቀው በልተዋል ብላችሁ እንዳትቆጧቸው። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሐኪማቸው ይወስን፣ እናንተ አትነካኩ።

ጥያቄ፦ ልጃችንን ንጋት ልንላት ነው። ለፈረንጆቹ እንዲቀል ወረቀቱ ላይ «ዶን» ብናስጽፍስ?

መልስ፦ ተዉ። ንጋትን መጥራት አይከብዳቸውም። ደግሞ ዶን አሜሪካ ውስጥ የገነነው በ1960ዎቹና 70ዎቹ ነው፤ ልጅቷ ክፍል ውስጥ የአስተማሪዋ ሞክሼ ትሆናለች።

ጥያቄ፦ የዕቃ ማጠቢያው ሳሙና «ዶን»ስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ስሙ ያው ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከ1973 ጀምሮ የሚሸጠው ነው። ቅባት ስለሚያስለቅቅ ባሕር ላይ ነዳጅ ሲፈስ የተለወሱ ወፎችን ያጥቡበታል። ለወጥ ድስትም አያንስም።