ዋትሳፕ ቁጥሩን ለዘጋበት የኤሌክትሪካል ተማሪ

ወንድሜ፣ የአጎትህን የውሃ ሞተር በዋትሳፕ የሚያበራና የሚያጠፋ መተግበሪያ ሠርተህ ቁጥርህ ተዘጋ። «ሲቪዬ ላይ ላስገባው ወይስ ልደብቀው?» ብለሃል። አባትህ ደግሞ ጨዋታውን ትተህ ባንክ ተወዳደር ይሉሃል።

አስገባው፤ ግን መጀመሪያ አስተካክለው። ቁጥርህ የተዘጋው ሞተር ስላስነሳህ አይደለም፤ ዋትሳፕ ዌብን እንደ ሰው ሆኖ የሚነካካ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ስለተጠቀምክ ነው። ያልተፈቀደ አውቶማቲክ አጠቃቀም በውላቸው ክልክል ስለሆነ፣ በሌላ ሲም ብትመለስም ያው ነው። የተፈቀደው ዋትሳፕ ራሱ ለድርጅቶች ያዘጋጀው የቢዝነስ ፕላትፎርም ነው። እሱም ቢሆን ተጠቃሚው ከጻፈልህ 24 ሰዓት ካለፈ፣ አስቀድሞ ከጸደቀ ቅጽ ውጭ አያስልክህም። «ሮቶው ሞልቷል» ለማለት ይህ ሁሉ ጣጣ ነው።

ወደ ቴሌግራም አዙረው። ቦት (በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም) እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በይፋ የተፈቀደ ነው፤ ቦት ከሚመዘገብበት ከቴሌግራሙ ቦትፋዘር ቶከን (የቦቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ትወስዳለህ፣ ኢኤስፒ32ህ (ዋይፋይ ያላት መቆጣጠሪያ ቦርድህ) ራሱ እየጠየቀ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ራውተር ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) መክፈት የለብህም።

አደጋው ከዚህ በኋላ ነው። ቴሌግራም ያልተወሰደ መልእክት እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። መብራት በሌለበት ጠዋት «አብራ» ብለህ ልከህ ብትረሳው፣ ማታ መብራት ሲመጣ ቦርዱ የጠዋቱን ትእዛዝ አንሥቶ ሞተሩን ያስነሳል። ጉድጓዱ ደርቆ ከሆነ ፓምፑ ያለ ውሃ እየዞረ ይቃጠላል። እያንዳንዱ መልእክት የተላከበትን ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ፣ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውን ጣለው፤ ቦርዱም ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ሳያገኝ ምንም ትእዛዝ አይቀበል። የላኪውን መለያ ቁጥር አጣራ፤ አለዚያ ቦቱን በስሙ ፈልጎ ያገኘ ሁሉ የአጎትህን ሞተር ያዝዛል። ቶከኑን ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ከኮዱ ጋር ለጥፈህ ከሆነ ዛሬውኑ ቦትፋዘር ላይ ሰርዘህ አዲስ አውጣ።

ያቺ ባለ 10 አምፔር ሰማያዊ ሪሌይም (በቦርዱ ትእዛዝ የምትበራና የምትጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ሞተሩን በቀጥታ አትንዳ። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ የሪሌዩ ነጥቦች ተጣብቀው ከቀሩ «አጥፋ» ብትልም አይጠፋም። ሪሌዩ የኮንታክተሩን (ለሞተር የተሠራውን ትልቅ ማብሪያ) ኮይል ብቻ ያዝዝ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጥ ኦቨርሎድ ይጨመር፣ ሮቶው ላይ ያለው ፍሎት ስዊች (ውሃው ሲሞላ የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ) ደግሞ በሽቦ የኮይሉን መብራት ይቁረጥ። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ውሃው መቆም አለበት።

ስለ አባትህ፦ የቤቱ ችግር እውነት ነው። ግን የባንክ ማስታወቂያ እየጠበቁ ቤት መቀመጥ ደመወዝ አይደለም። የኤሌክትሪክ ፓነል (የመቆጣጠሪያ ሳጥን) የሚገጣጥም ወርክሾፕ በትንሽ ክፍያም ቢቀበልህ ግባ፤ የባንኩን ፈተና ከዚያ ሆነህም ትፈተናለህ። ማስተርስ መማሩም ይቆይ።

ሲቪው ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን እንደሚሠራ፣ ቁጥርህ ለምን እንደተዘጋና ምን እንደቀየርክ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን። የፓነሉን በር ከፍተህ ሽቦዎቹ ላይ ቁጥር ለጥፈህ ፎቶ አንሣና አያይዘው።