ፎርሙ ላይ 17 ሳምንት ይላል

ጠያቂያችን የሕክምና ላብራቶሪ ተመራቂ ናት። የነፍሰ ጡሮችን ደም መርምሮ ጽንሱ የክሮሞዞም ችግር የመኖሩን ዕድል የሚያሰላ ላብራቶሪ ሊቀጥራት ነው። ወላጆቿ ግን «ማሽን ውስጥ ደም ለመክተት ነው የተማርሽው? ተመልሰሽ ሕክምና ተማሪ፣ ዶክተር ሁኚ» ይሏታል። ደመወዙ ያሳስባታል። አዲሱ የዲኤንኤ ምርመራ ሥራዬን ይበላዋል ብላም ትሰጋለች።

እህቴ፣ የወላጆችሽ ነገር አንገበገበኝ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት እንዲህ ባለ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሳላለባብስ ልንገርሽ፤ ተሳስተዋል።

አንድ ቀን የአንዲት እናት ውጤት ጽንሱ ዳውን ሲንድረም የተባለው የክሮሞዞም ችግር የመኖሩን ዕድል ከፍ አድርጎ አሳየ። አልፋ ፊቶፕሮቲኗ (ጽንሱ የሚሠራው ፕሮቲን) ዝቅ፣ ኤችሲጂዋ (የእርግዝና ሆርሞን) ከፍ ብሏል። ፎርሙ ላይ 17 ሳምንት ይላል። 7 ቁጥሯ ግን ስርዝ ድልዝ አላት። ስልክ አንስቼ ጠየቅኩ። አልትራሳውንዱ 15 ነው የሚለው! በእነዚያ ሳምንታት አልፋ ፊቶፕሮቲን እየጨመረ፣ ኤችሲጂ እየቀነሰ ይሄዳል። የ15 ሳምንትን ደም በ17 ሳምንት ልክ ከመዘንሽው ምንም ያልሆነው እርግዝና ችግር ያለበት ይመስላል። ሳምንቱን አርሜ እንደገና ሳሰላው ስጋቱ ወረደ። ባይታረም ኖሮ ያቺ እናት ሆዷን በመርፌ ተወግታ የእንሽርት ውሃ ልትቀዳ ትችል ነበር። እሱ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን የማስወረድ አደጋ አለው። ያን ቀን ስልክ ያነሳው ሐኪም አይደለም።

ይህንን ለወላጆችሽ ንገሪያቸው። ሕክምና ካማረሽ ተማሪ፣ ማንም አይከለክልሽም። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን «እኔ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር አጣሁ። ዘመድ አዝማድ «ልጃቸው ዶክተር ናት» እንዲል ተብሎ ያ ሁሉ ዓመት አይገፋም። የሚያጠናው እነሱ አይደሉም፣ አንቺ ነሽ።

ደመወዙ መነሻው ላይ ያንሳል፤ ሥልጠናውን ማን እንደሚከፍል ሳትጠይቂ ግን እንዳትፈርሚ።

ዲኤንኤውን አትፍሪው። የጽንስ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1997 ታውቋል። ይህን ዲኤንኤ የሚያየው ምርመራ ዳውን ሲንድረምን በመለየት ከቀድሞዎቹ ምርመራዎች ይበልጣል። ሆኖም እሱም ቅድመ ልየታ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ውጤቱን አይቶ የሚጠራጠር ባለሙያ ይፈልጋል። እሱንም ተማሪው።

ሥራ የገባሽ ቀን መጀመሪያ የምትጠይቂው የእርግዝናውን ሳምንት ማን እንደሚሞላ፣ ከአልትራሳውንድ ወይስ ከመጨረሻው የወር አበባ እንደሚሰላ ይሁን።