ሥራ ስንቀይር 401ኬው ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲቀየር ሰው ስለ ደመወዙ ይደራደራል፣ ስለ 401ኬው፣ ማለትም በአሰሪው በኩል ከደመወዙ እየተቆረጠ ስለሚቀመጠው የጡረታ ቁጠባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ከለቀቀ በኋላ ነው። ለዓመታት በሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም (ቤኔፊት) ክፍል ስለሠራሁ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

አንድ ሆስፒታል 4 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ወደ ሌላ ሆስፒታል ልሄድ ነው። አዲሶቹ «ዓመት ሳይሞላሽ አትገቢም» አሉኝ። የ4 ዓመት አገልግሎቴ አይቆጠርልኝም?

እህቴ፣ አዲሱ አሰሪ እንዲቆጥርልሽ ሕግ አያስገድደውም። ሕጉ 401ኬ ውስጥ ለመግባት እስከ 21 ዓመት ዕድሜና እስከ 1 ዓመት አገልግሎት መጠየቅ ይፈቅድለታል። «1 ዓመት» ሲባል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ሰዓት መሥራት ማለት ነው። እሱ ከሞላ በኋላም የመግቢያ ቀን የሚባል ነገር አለ። አንዳንዱ ፕላን በሩን የሚከፍተው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው። እና ዓመት ያሉሽ ነገር ወደ ዓመት ተኩል ሊጠጋ ይችላል።

ግን ሦስት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ሁለቱ ሆስፒታሎች ባለቤታቸው አንድ ከሆነ የድሮው አገልግሎትሽ መቆጠር አለበት። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች በሌላ ተመሳሳይ ተቋም የተሠራን ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ ይቆጥራሉ። የድሮው አሰሪ የቅጥርና የመልቀቂያ ቀንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥሽ አድርጊ፤ ካልጠየቅሽ ማንም አስታውሶ አይነግርሽም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ከሆነ ፕላኑ 403ቢ የሚባለው፣ የ401ኬ ዓይነት ቁጠባ ሊሆን ይችላል። በ403ቢ ከራስሽ ደመወዝ ለማስገባት ዓመት ጠብቂ ሊሉሽ አይችሉም፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የምትሠሪ ካልሆነ በቀር። ሊያስጠብቁሽ የሚችሉት ማቹን፣ ማለትም አንቺ በምታስገቢው ላይ አሰሪው የሚጨምረውን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለሰው ኃይል ክፍሉ (ኤች አር) ስትደውይ ጥያቄውን ለሁለት ክፈይው፦ የራሴን መቼ ማስገባት እችላለሁ? እናንተስ ማች መቼ ትጀምራላችሁ?

እስከዚያ ዝም ብዬ ልጠብቅ?

ለምን? አይአርኤ፣ ማለትም ያለ አሰሪ በግል የሚከፈት የጡረታ ቁጠባ አለ። ገደቡ ለ2025 7,000 ዶላር፣ ለ2026 7,500 ዶላር ነው። 50 ዓመት የሞላው ትንሽ ይጨመርለታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ በዚያው ዓመት በድሮው ሥራ 401ኬ ውስጥ አስገብተሽ ከነበረ፣ አይአርኤ ውስጥ ያስገባሽውን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢሽ ላይ መቀነስ መቻልሽ በገቢሽ መጠን ይወሰናል። ሮዝ (Roth) የሚባለው የአይአርኤ ዓይነትም የራሱ የገቢ ጣሪያ አለው።

3 ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ የተሻለ ሥራ አገኘሁ። «ማቹን ታጣለህ» አሉኝ። እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል። አንተ ያስገባኸው ገንዘብና ትርፉ ምንጊዜም የአንተ ነው። ማቹ ግን ቬስት ማድረግ፣ ማለትም በአገልግሎት ዘመንህ የአንተ መሆን አለበት። አንዳንዱ ፕላን 3 ዓመት እስኪሞላ ምንም አይሰጥም፣ ሲሞላ ሙሉውን ይለቃል። ሌላው ከ2ኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 20 በመቶ እየጨመረ በ6ኛው ዓመት ይጨርሳል። ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የሚሰጥም አለ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ፕላንህ ዓመትን የሚቆጥረው በካላንደር ነው ወይስ በሰዓት? በሰዓት ከሆነ፣ በዚህኛው የፕላን ዓመት 1,000 ሰዓት ካለፍክ 3ኛው ዓመት ተቆጥሮልህ ሊሆን ይችላል። መልሱ የፕላኑን ሕግ ባጭሩ በሚያስረዳው ቡክሌት ውስጥ አለ። አሰልቺ ነው፣ ግን የቬስቲንጉን ገጽ ሳታነብ የመልቀቂያ ደብዳቤ አታስገባ። በካላንደር ከሆነ ደግሞ የምታጣውን ዶላር አስላና አዲሱን አሰሪ «የመጀመሪያ ቀኔን በሁለት ወር ግፉልኝ፣ ካልሆነ የፊርማ ቦነስ ስጡኝ» በለው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ በበኩሌ ልዩነቱ ጥቂት መቶ ዶላር ከሆነ የተሻለውን ደመወዝ ይዤ እሄዳለሁ።

በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ቀየርኩ። በሁለቱም ቦታ ሙሉውን ማስገባት እችላለሁ?

አትችይም። ገደቡ የሰው እንጂ የመሥሪያ ቤት አይደለም፦ ለ2025 23,500 ዶላር፣ ለ2026 24,500 ዶላር። የአዲሱ ቤት ደመወዝ ክፍል (ፔይሮል) በድሮው ያስገባሽውን አያይም፤ የመቁጠሩ ሥራ የአንቺ ነው። ካለፈብሽ ከገደቡ በላይ ያስገባሽው እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 15 እንዲመለስልሽ ጠይቂ። ካልተመለሰ ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ታክስ ይከፈልበታል። ማቹ እዚህ ገደብ ውስጥ አይገባም።

ጋሼ ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው። ከሥራ ስለቅ ገንዘቡን በቼክ ልውሰድ ወይስ ወደ አዲሱ ላዛውር?

ጋሼ፣ ካላስፈለገዎት በቼክ አይውሰዱ። በስምዎ ቼክ ከተጻፈ 20 በመቶው ለታክስ ተቆርጦ ነው የሚደርስዎት። ሐሳብዎን ቢቀይሩ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ፣ ግን የተቆረጠውን 20 በመቶ ከኪስዎ መሙላት አለብዎት። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አዲሱ ፕላን ሲዛወር (ሮልኦቨር) ግን ምንም አይቆረጥም።

በእርስዎ ዕድሜ ላይ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። 55 ዓመት በሞላዎት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቁ፣ ከዚያው አሰሪ 401ኬ ሲያወጡ ዕድሜው ሳይደርስ በሚያወጣ ሰው ላይ የሚጣለው የ10 በመቶ ፔናልቲ የለም። መደበኛው ታክስ ግን አለ። ያንኑ ገንዘብ ወደ አይአርኤ ካዛወሩት ይህ መብት ይቀራል፣ 59 ተኩል መጠበቅ ሊኖርብዎት ነው። በቅርቡ የሚያስፈልግዎት ከሆነ እዚያው ይተዉት።

በድሮው ሥራ 900 ዶላር ብቻ ነው ያለኝ። ብተወውስ?

ላይተዉልህ ይችላሉ። ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ሳትጠየቅም ቼክ ሊልኩልህ ይችላሉ። ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ዶላር ድረስ በስምህ አይአርኤ ከፍተው ሊያዛውሩት ይችላሉ። ቤት ከቀየርክ አድራሻህን አስተካክል።

ፓርት ታይም ነኝ፣ 1,000 ሰዓት አይሞላልኝም።

ከ2025 ጀምሮ በተከታታይ 2 ዓመት ቢያንስ 500 ሰዓት በአንድ አሰሪ ዘንድ ከሠራሽና 21 ዓመት ከሞላሽ፣ የራስሽን ገንዘብ ማስገባት ይፈቀድልሻል። ማች ግን ለመስጠት አይገደዱም። ሥራ ከቀየርሽ ቆጠራው ብዙውን ጊዜ እንደገና ይጀምራል።

ከ401ኬ ብድር አለብኝ፣ ልለቅ ነው።

አስቀድመህ ደውል። ስትለቅ ቀሪው ብድር ከ401ኬው እንዳወጣኸው ገንዘብ ሊቆጠርብህ ይችላል። በዚህ መልክ ከተቆጠረ፣ ታክስ እንዳይከፈልበት ያንን መጠን አይአርኤ ወይም አዲሱ ፕላን ውስጥ ለማስገባት የዚያ ዓመት የታክስ ማቅረቢያ ቀን እስኪደርስ፣ ማራዘሚያውን ጨምሮ፣ ጊዜ አለህ።

ከመጋዘን ሥራ ወጥቼ በአፕ ታክሲ እየነዳሁ ነው። ኩባንያው 401ኬ ይሰጠኛል?

በ1099 (በግል ተቋራጭነት) የምትሠራ ከሆነ ተቀጣሪ አይደለህም፣ ስለዚህ የእነሱ ፕላን አይመለከትህም። በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚሆኑትን ሶሎ 401ኬ ወይም ሴፕ አይአርኤ በራስህ መክፈት ትችላለህ። የመጋዘኑን 401ኬም ወደዚያ ማዛወር ይቻላል፣ የምትከፍትበት ድርጅት መቀበሉን ጠይቅ። መዋጮው የሚሰላው ቤንዚኑና ጥገናው ከተቀነሰ በኋላ በሚቀርህ ትርፍ ላይ ነው፤ የነዳኸውን ማይል መዝገብ ከዛሬ ጀምረህ ያዝ።