ዐቃቤ ሕግ የማን ጠባቂ ነው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜን ሰፈር ውስጥ ደብድበውት ለፖሊስ አመለከትን። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን መዝገቡ ላይ ከሳሽ ተብሎ የተጻፈው ዐቃቤ ሕግ ነው። የወንድሜ ስም ያለው ከምስክሮች ጋር ነው። ከሳሾቹ እኛ አይደለንም እንዴ? ቃሉስ ምን ማለት ነው? ሲበዛስ ‹ዐቃቤ ሕጎች› ነው ወይስ ‹ዐቃብያነ ሕግ›?» (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ በቅድሚያ ለወንድምዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት።

«ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው። «ዐቃቢ» ጠባቂ ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «ዐቃቤ» ይሆናል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ማለት የሕግ ጠባቂ ነው። ቃሉ ውስጥ ክስ የሚባል ነገር የለም። ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው። በጥንቱ ቤተ መንግሥት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር። ፓትርያርክ ሲያርፍ መንበሩን የሚጠብቀው አባት ደግሞ «ዐቃቤ መንበር» ነው።

አሁን «ጠበቃ» የሚለውን ቃል ያስቡት። እሱም ከአማርኛው «ጠበቀ» የወጣ ነው። አንድ ችሎት ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው ማለት ነው! ጠበቃ የሚጠብቀው ሰውን ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሚጠብቀው ሕግን። ይህን ልዩነት በጣም እወደዋለሁ፤ የእርስዎም ጥያቄ መልሱ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው።

ድሮ ከሳሹ ተበዳዩ ራሱ ነበር፤ ሰው ሲሞትም የሟች ቤተሰብ። ዛሬ ወንጀል በሕዝብ ላይ የተፈጸመ በደል ተብሎ ስለሚታይ የሚከሰው መንግሥት ነው፤ በመንግሥት ስም የሚቆመው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ። ወንድምዎ በችሎት ቋንቋ «የግል ተበዳይ» ነው፣ ምስክርም ይሆናል። እርስዎ ያደረጉት «አቤቱታ ማቅረብ» ወይም «ማመልከት» ነው። እንደ ስድብ ባሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ጉዳዮች ግን ተበዳዩ ራሱ «የግል ከሳሽ» የሚሆንበት መንገድ አለ።

ስለዚህ «የእኛ ዐቃቤ ሕግ» ማለት አያስኬድም። የእናንተ ጠበቃ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ላይ፣ ለማስፈረድ የሚበቃ ማስረጃ ከሌለ ዐቃቤ ሕግ ክስ እንደማያቀርብ ተጽፏል። ይህ ለተበዳይ ቤተሰብ ያማል፣ አውቃለሁ። ሕግ ጠባቂ የተባለው ግን ለዚህም ጭምር ነው፤ ያለ ማስረጃ ሰው እንዳይከሰስም ይጠብቃል።

ዜና ሲሰሙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰማ» ይባላል፣ «ዐቃቤ ሕጉ» ሳይባል። ያለ «ኡ» ሲመጣ ወገኑን፣ ማለትም ከሳሹን መንግሥት ነው የሚያመለክተው። «ዐቃቤ ሕጉ» ወይም «ዐቃቤ ሕጓ» ሲሉ ግን ችሎት የቆመውን ሰው ማለትዎ ነው። ሰውየው ቢቀየር ክሱ ይቀጥላል።

ከ«ክስ» ጋር የሚመጡትን ግሦችም ይጠንቀቁ። ዐቃቤ ሕግ ክስ «ይመሠርታል»፣ ፍርድ ቤት «ይፈርዳል»። «ዐቃቤ ሕግ ፈረደበት» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። «ተነሣ» ደግሞ ያደናግራል። «ክስ ተነሣበት» ካሉ ተከሰሰ ነው፤ «ክሱ ተነሣለት» ካሉ ቀረለት ነው። በ«በ» እና በ«ለ» መካከል የአንድ ሰው ነፃነት አለ። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ክስ ተመሠረተበት»፣ ለሁለተኛው «ክሱ ተቋረጠ» ብለው ቢጽፉ ማንም አይሳሳትም።

ወደ ብዙ ቁጥሩ ስንመጣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ዐቃብያነ ሕግ» የግእዙ አበዛዝ ነው፣ በደብዳቤና በአዋጅ ያምራል። «ዐቃቤ ሕጎች» የአማርኛው ነው። «አብያተ ክርስቲያናት» እያለ «ቤተ ክርስቲያኖች» እንደምንለው ማለት ነው። የማይሆነው «ዐቃብያነ ሕጎች» ነው፤ እዚያም እዚህም ማብዛት። አጻጻፉ በዐይኑ «ዐ» እና በሐመሩ «ሐ» ነው። «አቃቤ ህግ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ቃሉን አላበላሸውም፤ ሲነበብ ያው ነው።