ትንሽ ብረት በኤምአርአይ ሲፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጨረር ሕክምና ፕሮስቴት ውስጥ የገባችው የወርቅ ምልክት ውፍረቷ 1 ሚሊሜትር ነው። ምስሉ ላይ ግን ሰፊ ጥቁር ቦታ ነው የማየው። መሃሉን የወርቋ ቦታ ብዬ ልያዝ?

መልስ፦ ዝም ብለህ እንዳትይዝ! ጥቁሩ ቦታ ወርቋ አይደለም። እሷ ራሷ ሲግናል (ማሽኑ ምስሉን የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ) የላትም፤ የምታየው በዙሪያዋ የተዛባውን የማግኔት መስክ ነው። ማሽኑ ቦታን የሚያውቀው በፍሪኩዌንሲ (ሲግናሉ በሴኮንድ በሚርገበገብበት መጠን፣ በኸርዝ) ነው፣ ብረት አጠገብ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ስለሚቀየር ሲግናሉን ወስዶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቁጥር ልስጥህ። ልዩነቱ 200 ኸርዝ ሆኖ ባንድዊድዙ (ለአንድ የምስል ነጥብ የሚመደበው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) በፒክስል 100 ኸርዝ ከሆነ፣ ሲግናሉ 2 ፒክስል ይሸሻል። ባንድዊድዙን 500 ስታደርገው 0.4 ፒክስል ብቻ። ምስሉ ይሻክራል፣ ይሻክር! ከዚያ የንባብ ግሬዲየንቱን (ሲግናሉ ሲነበብ ፍሪኩዌንሲን ከቦታ ጋር የሚያያይዘውን ተጨማሪ መስክ) ገልብጠህ ድገመው። ሽሽቱም ስለሚገለበጥ ሁለቱን ስታስተያይ መጠኑን በዓይንህ ታየዋለህ። ከምስል አነሳስ ስልቶቹ ግሬዲየንት ኢኮ የሚባለው ጥቁሩን ስለሚያሰፋው ምልክቷ እንዳታመልጥህ ይረዳል፤ ቦታዋን ለመለካት ግን ስፒን ኢኮ የሚባለውን ያዝ።

ጥያቄ፦ ማግኔቱ ጠንከር ያለው፣ የ3 ቴስላው ማሽን አይሻልም?

መልስ፦ ለዚህ አይሻልም። መዛባቱ በኸርዝ ከ1.5 ቴስላው እጥፍ ነው።

አንድ አባል፦ እኛ ጋ ግን ጥርት አድርጎ የሚያሳየን እሱ ነው።

ሌላ አባል፦ መጥራትና ቦታ አለመሳት አንድ ነው እንዴ? ለምን በሲቲ ስካን አትጨርሱትም?

የመጀመሪያው፦ ሲቲ የፕሮስቴቱን ዳር መች በደንብ ያሳያል!

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ከጥያቄው ወጣችሁ። ወርቋ የገባችው የሲቲውንና የኤምአርአዩን ምስሎች ለማገጣጠም ጭምር ነው። ካልሲየምም ኤምአርአይ ላይ ጥቁር ስለሚሆን ሲቲው ይለይላችኋል።

ጥያቄ፦ ልጄ መርፌ ውጣለች፣ ኤምአርአይ ያሳያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኤምአርአይ በፍጹም! አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። የሚያስፈልጋት ራጅ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ እግሩ ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ አለ። የወገብ ኤምአርአይ ታዞለታል።

መልስ፦ ሳይገቡ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ፣ ራጅም ይታይ። ስቲል ከሆነ ማግኔቱ ሊጎትተው ይችላል። ብረት ሲሞርድ ብናኝ ዓይኑ የገባ ሰውም እንደዚሁ፣ መጀመሪያ ራጅ!

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ብረት ያገኛል ወይስ አያገኝም?

መልስ፦ የትኛውን ብረት? የት ያለውን? ደግሜ እላለሁ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት በኤምአርአይ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ ለጨረር ሕክምና ፕሮስቴት ውስጥ የሚቀመጡት፣ በታይታኒየም የታሸጉት ጨረር አመንጪ የአዮዲን 125 ፍሬዎችስ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ርዝመታቸው 4.5፣ ውፍረታቸው 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፍሬዋ ከዋናው መስክ ጋር ትይዩ ስትሆንና ስትጋደም የጥቁሩ ቅርጽ ይለያያል፣ ስለዚህ በቅርጹ ብቻ አትፍረድ። የፌዝ ምስሉንም (መስኩ ወዴት እንደተዛባ የሚያሳየውን) አስቀምጥ፤ ታይታኒየም መስኩን የሚያዛባው ከወርቅ በተቃራኒው ነው፣ እዚያ ላይ ይለያሉ።